ለጅብ የተቆፈረ ጉድጓድ

የተወደዳችሁ እኅቶቼ፣ የዛሬው ጽሑፌ ከወትሮው ለየት ይላልና ትንሽ ፋታ ስታገኙ አንብቡት። ስለ ጅብ ነው።

ነገሩን ያስነሣችው አንዲት እኅታችሁ ናት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ እኔ መጥታ መስቀል ተሳለመችና፣ ሳቋን መያዝ አቅቷት «አባቴ፣ ትናንት በወጥመድ ተይዤ አደርሁ» አለችኝ። የምትሠራበት ቤት ሁለት ወንዶች ልጆች አሉ። ሌሊት ሌሊት ተኩላ የሚሆን ሰው ወደ ቤታቸው እንዳይገባ ብለው ከመተላለፊያው በር ላይ ክር ወጥረው፣ በክሩ ላይ የድስት ክዳኖች አንጠልጥለው፣ ኮቴው እንዲታይ ወለሉን በዱቄት ነስንሰው፣ ከላይ አንሶላ እንደ መረብ ሰቅለው ተኝተዋል። ተኩላው ሳይመጣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የአባትየውን ሸሚዝ ልትተኩስ የተነሣችው እኅታችን መጣች። ክዳኑ ተንጫጫ፣ አንሶላው ራሷ ላይ ወረደ፣ እርሷም ዱቄቱ ላይ ተንሸራታ ወደቀች። ልጆቹ «ያዝነው!» እያሉ ዘለሉ። እመቤቲቱ ነቅታ ተቆጣች፤ የተቆጣችው ግን በዱቄቱ ነው። ዱቄቱንም የጠረገችው ራሷ የተያዘችው ናት።

ልጆቹ ይህን የተማሩት ስኩቢ ዱ ከሚባለው የካርቱን ፊልም ነው አለችኝ። ብዙዎቻችሁ ከልጆች ጋር ተቀምጣችሁ አይታችሁት ይሆናል። በ1969 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቴሌቪዥን የተጀመረ ነው፤ አራት ወጣቶችና አንድ በጣም ፈሪ ውሻ በመኪና እየዞሩ ጭራቅና መንፈስ ታየ ወደተባለበት ቦታ ይሄዳሉ። አንደኛው ልጅ ወጥመድ መሥራት ይወዳል፤ ገመድ፣ በርሜል፣ የዓሣ መረብ፣ ያገኘውን ሁሉ ይገጣጥማል። ውሻውን በብስኩት ያባብሉና ለማጥመጃ ያቆሙታል። ወጥመዱ ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ወይም የሚይዘው ውሻውንና ጓደኛውን ነው። በመጨረሻ ግን እንደምንም ጭራቁ ይያዝና ጭንብሉ ሲገለጥ ሰው ሆኖ ይገኛል። በ1988 እ.ኤ.አ. በወጣው ፊልም ደግሞ ተኩላ የሚሆነው ከእነርሱው አንዱ፣ የውሻው ጓደኛ ነው፤ ያውም ለመኪና እሽቅድድም ሲባል። ይህንንም የነገረችኝ እርሷው ናት። እኔ ፊልሙን አላየሁትም፤ ከእርሷ እየጠየቅሁ ነው የምጽፈው።

ስትነግረኝ አብሬያት ሳቅሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ሳቁ ቆመብኝ። እኔም እንዲህ ዓይነት ወጥመድ ሠርቼ አውቃለሁና። የእኔ ግን ካርቱን አልነበረም።

ጊዜው 1975 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ነው። ዕድሜዬ 13 ነበር። ጎጃም ውስጥ በአንድ ደብር ዜማ ስማር ነው፤ የደብሩን ስም ልተወው። የቆሎ ተማሪ ኑሮ ከእናንተ መካከል ወንድም ያላችሁ ታውቁታላችሁ። በየጎጆው እየዞርን በእመቤታችን ስም ቁራሽ እንለምናለን፤ ውሻ ያሳድደናል፤ ያገኘነውን በአኮፋዳ ይዘን እንመጣለን፤ የተረፈውን አድርቀን እናስቀምጣለን። ልብሳችን ደበሎ ነው። ደበሎ ቀን ልብስ፣ ሌሊት ብርድ ልብስ፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ጣሪያ ነው።

በዚያ ጾም ጅብ በረታ። ሌላ ጊዜ ከመንደሩ ማዶ የሚጮኸው አሁን ከጎጆአችን ኋላ ይጮኽ ጀመር። በአንድ ሳምንት ሁለት አህያ ተበላ። በዚያው ሰሞን የአንድ ገበሬ ልጅ ታመመ። ወሬው ወዲያው ተያያዘ፤ ይህ ተራ ጅብ አይደለም፣ ቡዳ ነው ተባለ። ማታ አመድ ላይ ተንከባሎ ጅብ ይሆናል፣ ሲነጋ ሰው ይሆናል ማለት ነው። ማን እንደሆነ ለመናገር ማንም አፉን አልፈታም፤ ነገር ግን ሁሉም ወደ አንድ ጎጆ ያይ ነበር። ከወንዙ ዳር ብቻዋን የምትኖር ሸክላ ሠሪ ሴት ነበረች።

ከመካከላችን ዕድሜው ወደ 20 የሚጠጋ አንድ ታላቅ ተማሪ ነበር፤ የማያውቀው ነገር የለም። «ቡዳ ሳይነጋ ከተያዘ በሚይዙት ፊት ወደ ሰውነቱ ይመለሳል፤ ስለዚህ የሚያስፈልገው እስኪነጋ የሚይዝ ወጥመድ ነው» አለን። እኛም ማመን ብቻ ሳይሆን ደስ አለን። የድጓ ትምህርት ከባድ ነው፤ ጉድጓድ መቆፈር ይቀላል።

ዶማ ተዋስን። ከጎጆአችን ኋላ ባለችው የእግር መንገድ ላይ መቆፈር ጀመርን፤ ወገቤ ድረስ እንደደረስን ዐለት አገኘንና «ለጅብ ይበቃል» ተባለ። በላዩ ቅርንጫፍና ሣር አለበስን። ከአንድ አህያ ነጂ የተለመነ የጠፍር መጫኛ ነበረን፤ እርሱን ሸምቀቆ አድርገን ጎንብሶ ከታሰረ የወይራ ቅርንጫፍ ጋር አያያዝነው፤ ቅርንጫፉ ሲለቀቅ እግሩን እንዲያንጠለጥል ነው። ዙሪያውን አመድ ነሰነስን፤ የጅቡ ኮቴ ወደ ሰው ኮቴ የሚለወጥበትን ቦታ ለማየት። የማንቂያ ደወል አስፈለገ፤ ታላቃችን የቅዳሴውን ቃጭል «ለሌሊት ብቻ» ብሎ አመጣው። ቃጭሉ ቀን ቀን ለቅዳሴ፣ ሌሊት ሌሊት ለጅብ ያገለግል ጀመር። ይህንን ኋላ ለንስሐ አባቴ ስናገር መሳቅም መቆጣትም አቅቷቸው ነበር።

ማጥመጃው ቀረ። በጾም ሥጋ ከየት ይመጣል? ጅብ ቁርበት ይወዳል፤ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው እርሱ አይደል! የማን ደበሎ ይሰጥ ሲባል ሁሉም ወደ ትንሹ ተማሪ ዞረ። ትንሹ ተማሪ እኔ ነበርሁ። ሦስት ሌሊት ያለ ደበሎ በብርድ እየተንቀጠቀጥሁ ቃጭል ስጠብቅ አደርሁ። ጅቡ ይጮኻል፣ ይዞራል፣ አይገባም። አያ ጅቦ ሞኝ ነው የሚሉ ሰዎች ወጥመድ ሠርተው አያውቁም።

በአራተኛው ሌሊት ለንጋት ጥቂት ሲቀረው ቃጭሉ ጮኸ። ዱላና ችቦ ይዘን ወጣን። ከጉድጓዱ ውስጥ ማቃሰት ተሰማ። ችቦው ሲጠጋ ጠጉር አየሁ፣ ቀጥሎ እጅ አየሁ። «ቡዳዋ ተያዘች!» ብሎ መጀመሪያ የጮኸው እኔ ነኝ። እኅቶቼ፣ ይህችን አንዲት ቃል ነው ዕድሜዬን ሙሉ ይዤ የዞርሁት።

የሸክላ ሠሪዋ ሴት ነበረች። ቅዳሜ ነው፣ የገበያ ቀን። ገበያው ሩቅ ስለሆነ በሌሊት ሸክሟን ይዛ ተነሥታ፣ በየሳምንቱ በምትሄድበት መንገድ ስትሄድ ገባችበት። አንድ እግሯ በሸምቀቆው ወደ ላይ ተይዟል፤ የተቀረው አካሏ ከገሉ ጋር ታች ነው። መንደሩ በእኔ ጩኸት ወጣ። አንዱ «ተመልከቱ፣ ስትለወጥ ደረስንባት» አለ። ሌላው አመዱ ላይ ኮቴ ይፈልጋል፤ በአመዱ ላይ በዚያ ሌሊት የጅብም የሰውም ኮቴ ነበረና ሁሉም የፈለገውን አገኘ። ድንጋይ ተወረወረ። ግንባሯ ደማ። እኔ አልወረወርሁም፤ ዱላዬን ግን አልጣልሁም ነበር።

የኔታ መጡ። ዓይናቸው ደክሞ ነበርና አንድ ልጅ እጃቸውን ይዞ ነው የሚመራቸው። ጩኸቱን ዝም አሰኝተው «ማነሽ አንቺ?» አሉ። ስሟን ተናገረች። በድምጿ አወቋት። ዱላቸውን ለመሪያቸው ሰጥተው፣ እኛ ሳናስበው በቂጣቸው ተንሸራትተው ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ። በእጃቸው እየዳበሱ የተሰበረውን ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ላይ አወጡ፤ የእንስራ አንገት፣ የድስት ቂጥ፣ የጀበና ጆሮ። ከዚያ ቀና ብለው «እስቲ ጅብ እንስራ ተሸክሞ ገበያ ሲሄድ ያየ ሰው ይናገር» አሉ።

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ። ቀጥሎ ሌላው። ያን ቀን ያዳናት ሳቁ ይመስለኛል፤ የሚስቅ ሰው ድንጋይ አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል። ሰዉ አንድ አንድ እያለ ተበተነ። እርሷን አውጥተን ወደ ቤቷ ወሰድናት። አንድ እንስራ፣ ሁለት ድስትና ሦስት ጀበና ተሰብረዋል፤ አንዲት ጀበና ተርፋለች። በዚያው ሌሊት፣ ወጥመዱ ፈርሶ ሁላችን በኀፍረት ስንተኛ፣ እውነተኛው ጅብ መጥቶ ደበሎዬን በልቶ ሄደ።

የኔታ የቀጡን በዱላ አልነበረም። ከዚያ ቀን እስከ ሆሣዕና ድረስ በየቀኑ ከትምህርት በኋላ ለእርሷ አፈርና እንጨት እንድንሸከም አዘዙ። ያን ጊዜ ነው ሸክላ እንዴት እንደሚሠራ ያየሁት። አፈሩን ትፈጫለች፣ ትነፋለች፤ የተሰበረ ገል ወቅጣ ትቀላቅልበታለች፤ እኛ የሰበርነውንም እንዲሁ ወቅጣ ቀላቀለችው። መሽከርከሪያ የላትም፤ በእጇ እያዞረች ታቆመዋለች፤ በለስላሳ ድንጋይ ትወለውለዋለች፤ ከደረቀ በኋላ በኩበትና በእንጨት ሜዳ ላይ ታቃጥለዋለች። አንዱ ሲፈነዳ የሳምንት ድካም ይሄዳል። እጆቿ በእሳት ተልጠው ነበር። የመንደሩ ሴቶች በእርሷ ድስት ወጥ ይሠራሉ፣ በእርሷ ጀበና ቡና ያፈላሉ፤ ከእጇ ግን ውኃ አይጠጡም።

አንድ ቀን ፀሐዩ በርትቶ እንጨት ተሸክሜ ስደርስ፣ በአዲስ ዋንጫ ውኃ ቀድታ ሰጠችኝ። «ጠጣ፣ ልጄ» አለችኝ። ጠምቶኝ ነበር። ጾም ነው አልሁ። ሰዓቱ ግን ካለፈ ቆይቶ ነበር፤ እርሷም ታውቃለች፣ ከቅዳሴ መልስ እንደሆንሁ አይታለች። ዋንጫውን ተቀበለችኝና ውኃውን ጭቃው ላይ አፈሰሰችው። በቀጣዩ ዓመት ከዚያ አገር ወጣች። የት እንደሄደች የሚያውቅ አላገኘሁም። እየተራመደች ስትሄድ እግሯን ትጎትት ነበር።

ከዚያ በኋላ በዕድሜዬ ስለዚህ ነገር ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ሰው አውሬ ይሆናል የሚለው ነገር የእኛ ብቻ አይደለም፤ በየአገሩ የሚፈራው አውሬ ይለያያል እንጂ። በፈረንጅ አገር ተኩላ ነው። በ1603 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር ዣን ግረኒዬ የሚባል የ13 ወይም የ14 ዓመት እረኛ «ተኩላ ሆኜ ልጆች በላሁ» ብሎ ተናግሮ ተከሰሰ። የቦርዶ ፍርድ ቤት ግን ልጁ አእምሮው ያልጸና መሆኑን ተመልክቶ፣ በሞት ፈንታ በገዳም እንዲኖር ፈረደበት። ከእርሱ በፊት ብዙዎች በእሳት ተቃጥለዋል። በእኛ ዘንድ ደግሞ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ፣ ጆሮው ላይ የወርቅ ጉትቻ ያለው ጅብ ይገኛል ተብሎ እንደሚታመን ጽፏል። ያ ጉትቻ ወደ ማን ጣት ያስቀስር እንደነበር አስቡት፤ ወርቁን የሚሠራው አንጥረኛው ነውና። በጎንደር ዙሪያ የነበሩ ቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎችና ብረት ቀጥቃጮችም በዚሁ ስም ሲሰደቡ ኖረዋል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው እየጠራችሁ አትስደቡ ብለው ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ዐዋጁ ከተነገረ ከ75 ዓመት በኋላ እኔ ጉድጓድ ስቆፍር ነበርሁ።

የአህዮቹ ነገርም ኋላ ተፈታልኝ። በ2012 እ.ኤ.አ. በትግራይ የተደረገ አንድ ጥናት ወጥቷል። ተመራማሪዎቹ የጅብ ፋንድያ እየሰበሰቡ በውስጡ የተገኘውን ጠጉር መረመሩ። በዐቢይ ጾም ሕዝቡ ከብት ስለማያርድ የሚጣል አጥንትና ትራፊ ይጠፋል፤ ጅቡም ተርቦ ወደ አህያ ይዞራል። ጾሙ ሲፈታ አህያ መብላቱ ይቀንሳል። በ1975 ከጎጆአችን ኋላ ይጮኽ የነበረው እንግዲህ እኛ ስለጾምን የጾመ ጅብ ነበር። (በነገራችን ላይ በጅብ ቤት ትልቋም ኃይለኛዋም አዛዧም ሴቲቱ ናት፤ ወንዶቹ ከእርሷ በኋላ ነው የሚበሉት። እንዲህ ያለ ቤት ለእናንተ እንግዳ አይደለም።)

አሁን ደግሞ ወደ ቅርቡ ልመለስ። የማወራው ፈቃዳቸውን ጠይቄ ነው። በዚህ ባለንበት ከተማ አንድ ክፍል በጋራ ተከራይተው የሚኖሩ አራት እኅቶች አሉ። አንዷ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ራሷን ያማታል፣ ትደክማለች፣ ዓይኗ ይጨልማል። አንዷ ደግሞ አዲስ ናት፤ ዝምተኛ ነች፤ አባቷ አገር ቤት ብረት ሠሪ መሆኑን አንድ ቀን ሳታስብ ተናግራለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የበሽታው ምክንያት ታወቀ ተባለ። ሁለቱ ወጥመድ ሠሩ። ቡዳ ከሆነች ሽታውን ችላ ማደር አትችልም፣ ትሸሻለች ብለው በትራሷ ውስጥ አንድ ሙሉ ነጭ ሽንኩርት ደበቁባት። ልጅቱ ማታ ከሥራ ስትመጣ ሽንኩርቱን አገኘች፤ ማን እዚህ አስቀመጠው አላለችም፤ ልጣ ሽሮ ሠራችበት፤ ጠርታም አበላቻቸው። እነርሱም በሉ። ወጡ ጣፍጦ ነበር አሉኝ። እንዲህም ሆኖ በሳምንቱ ፍራሿን ወደ በረንዳ አውጥተው፣ ጠበል ይዤ እንድመጣ ደወሉልኝ።

እኔ ሰይጣን የለም የምል ካህን አይደለሁም። ጠበልም እረጫለሁ፣ ጸሎትም አደርሳለሁ። ነገር ግን ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ልጅ ጅብ ትሆናለች የሚል ትምህርት ከየትኛውም ጉባኤ ቤት አልተማርሁም። ደግሞም እናንተ ይህን ነገር ከማንም ይበልጥ ታውቁታላችሁ። እመቤቲቱ ስትታመም፣ ሕፃኑ ሌሊት ሲያለቅስ፣ ሲሕር አድርጋብን ይሆናል ተብሎ ሻንጣው የሚፈተሸው የማን ነው? ከማበጠሪያ ላይ የቀረ ጠጉር እንኳ ማስረጃ ሆኖባት ያለቀሰች እኅት እኔው ዘንድ መጥታለች። በሩን ሲቆልፉባችሁ የሚሰማችሁን ያህል ያቺ ልጅ በረንዳው ላይ ተሰምቷታል።

ሄድሁ። ጸሎት አድርሼ ሁሉንም ረጨኋቸው። የታመመችውን ሐኪም አይቶሽ ያውቃል ወይ አልኋት፤ ፈቃድ አላገኘሁም አለች። በቀን የምትበላው አንድ ጊዜ ነው፤ የምትተኛው አምስት ሰዓት አይሞላም። ከአንዲት ነርስ ከሆነች ምእመን ጋር በእረፍቷ ቀን ወደ ክሊኒክ ተወሰደች፤ የደም ማነስ ተገኘባት፤ እንክብል ታዘዘላት። ይህ ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። በዚያ ቀን የነበረን ጸሎቱና ፍራሹ ብቻ ነበር።

ፍራሿን ከበረንዳው አስገባን። ልጅቱ ምንም አልተናገረችም፤ ቡና አቀረበች። ቆላች፣ ወቀጠች፣ አፈላች። ስኒዎቹን ስትቀዳ ሦስቱ እኅቶች እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ አላነሡም። ያቺ የወንዝ ዳር ዋንጫ ፊቴ ላይ መጣች፤ ውኃው ጭቃው ላይ ሲፈስ ሰማሁት። ስኒዬን አነሣሁና ጠጣሁ። ያን ጊዜ የ1975ን ነገር ከጩኸቱ ጀምሮ ነገርኋቸው፤ ዋንጫውንም ጭምር። ቶናው ሲመጣ ሁለቱ ተቀበሉ። ባለ ራስ ሕመሟ በረካው ላይ ነው ስኒዋን ያነሣችው፤ ቀምሳ «ስኳር አነሰው» አለች፤ ልጅቱም ተነሥታ ስኳር አመጣችላት።